ምስል አለ፣ ድምፅ የለም
የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ባለፈው ዓመት እትም ላይ ክበባችን ሬዲዮ እንደሚሠራ ቃል ገብተን ነበር። አልሠራንም። ዓመቱን ሙሉ የበላን አንድ ጥያቄ ነው፤ የቲቪው ድምፅ የት ገባ?

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ፣ በወላጆች ቀን ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ለአዳራሹ አንድ ትልቅ ቲቪና ያገለገለ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ከነስፒከሮቹ ሰጥተውን ነበር። (እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት። ድሬዳዋ ላይ «ሪሲቨር» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የዲሹን ሳጥን ነው። እኛ የምንለው ድምፁን ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያድለውን ማሽን ነው። ክበቡ ውስጥም ግራ መጋባቱ ሲበዛ አንዱን «የዲሹ»፣ ሌላውን «ከባዱ» ብለን ተገላገልን።) ተማሪዎች ያዘጋጁት ቪዲዮ በፍላሽ ቲቪው ላይ ተሰካ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ድምፅ ግን ጭጭ፤ የቲቪው የራሱ ስፒከር እንኳ አልተነፈሰም።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና ወላጆች ፊት እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ስፒከሮቹን ጠረጠርኩ። ሽቦ ነቀልኩ፣ ሽቦ ቀጠልኩ። ባለ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ አስመጥቼ የእያንዳንዱን ስፒከር ሁለት ጫፍ ነካ ሳደርገው ሁሉም «ጠቅ» አሉ። ደህና ናቸው ማለት ነው፤ እኔ ግን አሁንም እዚያው ሽቦ ላይ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከኋላ አንድ አባት «አቦ ቲቸር፣ ተወው፤ አንተው ተርክልን!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። (ድሬ ላይ አንቱታ ቦታ የላትም፤ ከሌላ አገር የመጣ መምህር የመጀመሪያውን ወር በዚህ ይደነግጣል።) በመጨረሻ አንዲት የሚኒ ሚዲያ ተማሪ ማይክ ይዛ፣ ምስሉን እያየች በቃሏ ተረከችው። ሚኒ ሚዲያዎች ይህን ውለታ ዓመቱን ሙሉ ሲያስታውሱን ከርመዋል።

ሰኞ ክበቡ በሙሉ አዳራሽ ገባ። በዚህኛው ጊዜ ማንም ሽቦ አልነካም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳው ላይ የድምፁን መንገድ ሣለች፤ ፍላሽ፣ ቲቪ፣ ገመድ፣ ከባዱ፣ ስፒከር። መንገዱን ከመሃሉ ቆረጥነው። የዲቪዲ ማጫወቻ አምጥተን በቀጥታ ከባዱ ላይ ስንሰካው አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ስለዚህ ከከባዱ እስከ ስፒከር ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። እኔ ግማሽ ሰዓት ላብ ያፈሰስኩበት ክፍል በሁለት ደቂቃ ነፃ ወጣ። የቀረው ቲቪውና እሱን ከከባዱ ጋር የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው።

ይህ ገመድ በተለምዶ ምስልና ድምፅ የሚወስደው ከከባዱ ወደ ቲቪው ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ተቃራኒውን ነበር፤ ቲቪው ላይ ያለው ድምፅ ወደ ከባዱ እንዲመለስ። ድሮ ለዚህ ሌላ ገመድ የግድ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ግን ኤአርሲ የሚባል የድምፅ መመለሻ ይዞ መጣ። ለልጆቹ ያስረዳኋቸው በድሮው የጅቡቲ ባቡር ነው። ሐዲዱ አንድ ነው፤ የሄደውም የተመለሰውም በዚያው ነው። ግን ባቡሩ የሚመለሰው ወደ ተነሣበት ጣቢያ ነው። ልጆቹ ገመዱን ከባዱ ላይ «ኢን» በሚለው ቀዳዳ ሰክተውት ነበር፤ ድምፅ ወደ ውስጥ ስለሚገባ። አስተሳሰባቸው ስሕተት የለበትም፣ ማሽኑ ግን እንደዚያ አያስብም። የሚመለሰው ድምፅ የሚገባው ምስሉ በሚወጣበት፣ «አውት» በሚለው ቀዳዳ ነው። ቲቪው ላይም ካሉት ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። እኛ የሰካነው ከጎኑ ባለው ላይ ነበር።

ሁለቱንም አስተካክለን አሁንም ዝም። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ስንገባ የድምፅ መውጫው ማንም ገመድ ባልሰካበት በኦፕቲካል (ድምፅ በብርሃን በሚወጣበት ቀዳዳ) ላይ ተቀምጧል። የቲቪው የራሱ ስፒከር ዝም ያለውም ለዚህ ነው። ወደ ኤአርሲ መለስነው። መሣሪያዎቹ በገመዱ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሲኢሲም ጠፍቶ ነበርና አበራነው። እሱን መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ወላጆች ከተበተኑ ከሁለት ቀን በኋላ የወላጆች ቀን ቪዲዮ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጮኸ።

ወሬው ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ለቤት መሄድ ጀመርን። ጠዋት የሆነው በምክንያት ነው፤ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ድሬ ላይ የተኛ ሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው።

ሳቢያን ሰፈር የገባንበት ቤት እናቲቱ በር ላይ «ሰገሌን ሂንጂሩ» እያሉ ተቀበሉን፤ በኦሮምኛ ድምፅ የለም ማለታቸው ነው። እዚያ የተሰካው ኦፕቲካል ገመድ ነው፤ ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፈው፣ ቶሺባ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ያቺው የሰሌዳዋ ልጅ ገመዱን ከከባዱ ነቅላ ጫፉን መዳፏ ላይ አደረገችው። ቀይ ብርሃን መታየት ነበረበት፤ የለም። በቲቪው በኩል ስትነቅለው ጫፉ ላይ ከፋብሪካ የመጣችው ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ እንዳለች ናት። ማንም አላወለቃትም። ቆቧ ተነሣች፣ ድምፁ መጣ። እናትየው ልጅቷን ጉንጯን ሳሟት፤ እኛን ሻይ ጋበዙን።

መጋላ ሰፈር ባለ ቤት ደግሞ ዜናና ዘፈን ይሰማል፣ ፊልም ሲከፈት ይዘጋል። ይህ የገመድ ችግር አይደለም። ብዙ ፊልም ድምፁ የተጠቀለለው ዶልቢ ወይም ዲቲኤስ በሚባል የድምፅ መጠቅለያ ዘዴ ነው፤ ቲቪው እንዳለ ሲያስተላልፈው ማሽኑ ጥቅሉን መፍታት ካልቻለ ዝም ይላል። የድምፅ መውጫውን ከ«ቢትስትሪም» ወደ «ፒሲኤም» ስንለውጠው ቲቪው ራሱ እየፈታ በቀላሉ ላከለት። አንድ ፊልም ብቻ እምቢ አለን፤ በዲቲኤስ የተሠራ ነው፣ ቲቪው ራሱም አይፈታውም። የቤቱ ልጅ «በቃ እሱን አላየውም» ብሎ ገላገለን።

ከዚራ ሰፈር ያለው ከባድ ሲበራ «ፕሮቴክት» (ራሱን ከጉዳት መከላከሉ ነው) ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ከኋላው ድመት ትተኛለች አሉን። ከስፒከሩ ሽቦ አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ የመደመሩንና የመቀነሱን ጫፍ አገናኝታ ነበር። ነቅለን፣ ክሮቹን ጠምዝዘን መለስነው። ስንወጣ ከባዱ ላይ የለበሰውን ዳንቴል እንዲያነሡ ለመንን። የሚያምር ዳንቴል ነው፤ የተዘረጋው ግን ማሽኑ በሚተነፍስበት ቀዳዳ ላይ ነው፣ ያውም በድሬ ሙቀት። አነሡት። ባሁኑ ሰዓት ተመልሶ እንደለበሰ አልጠራጠርም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ድምፁ የጠፋባቸው ቤቶችም ነበሩ። እነዚህ ቀላሎች ናቸው። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ሁለቱንም ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መመለስ ነው፣ መሣሪያዎቹ እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ። አንድ ቤት ደግሞ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሴቲንግ ስንበረብር ቆይተን፣ ከባዱ ፊት ለፊት የተሰካ የጆሮ ማዳመጫ ሶፋ ሥር ወድቆ ሲያዜም አገኘነው። ይህ እንዳይጻፍ ተብዬ ነበር።

አንዱን አልቻልንም። ማሽኑ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ልጆቹ ካቻቢቴ አውጥተው ነበር፤ ከለከልኩ። ውስጡ 220 ቮልት የሚገባበት ነው፣ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። ባለቤቱን ወደ ጥገና ቤት ላክናቸው።

የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ፈተናና ጾም ተካፈሉት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችም ለብሔራዊ ፈተናው ሄዱብን። ስለዚያ ጊዜ የምጽፈው ብዙ የለም።

ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ለአዳራሹ ረዘም ያለ ገመድና ለክበቡ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)። የፕላስቲኳን ቆብ የክበቡ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠናታል፤ አዲስ አባል ሲመጣ ምን እንደሆነች እንጠይቀዋለን። አዳራሹ ውስጥ ባለው ገመድ ላይ «ቲቪ፦ ኤአርሲ የሚለው። ከባዱ፦ አውት» የሚል ወረቀት ለጥፈን ነበር። የግንቦት ሙቀት ማጣበቂያውን አቅልጦ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ጣለው። አሁን በክር አስረነዋል። የምታጸዱ ልጆች፣ እባካችሁ አትፍቱት።