ለደንበኞቻችን፦ ጉቶውን ለምን በሜትር መለካት እንደጀመርን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጉቶ በማሽን የምንፈጭበትን ሒሳብ ከቀየርን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ግማሹ ቅሬታ፣ ግማሹ ቁጣ ነው። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ግን አልተቆጡም። "ከእናንተ አልጠበቅኩም" ብለው ስልኩን ዘጉት። ዘራፊ ያለኝን ሰው ረስቼዋለሁ፤ ይቺ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። እስካሁን የምናስከፍለው በቁጥር ነበር። ማሳው ላይ ያሉትን ጉቶዎች እንቆጥራለን፣ በአንዱ ዋጋ እናባዛለን፣ አለቀ። አሁን እያንዳንዱን ጉቶ በሜትር ለክተን እንደ ስፋቱ እናስከፍላለን። የምንለካውም መጋዝ ያለፈበትን አናቱን ሳይሆን መሬቱ ጋ ያለውን ነው። በዚያ ላይ ዙሪያው ድንጋይና ሽቦ ያልተነሳለትን ጉቶ አንነካም ብለናል።

ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለ፤ ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አዲሱን አሠራር ሥራው በሚጀመርበት ጠዋት፣ ትራክተሩ ማሳቸው ላይ ቆሞ የነገርናቸው ሰዎች አሉ። ነውር ነው፣ ይቅርታ። ከለውጡ በፊት ቀጠሮ የያዘ ሁሉ በድሮው ሒሳብ ይሠራለታል። ብልጫ የከፈለ ካለ ይመለስለታል።

ስለ መለካቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

"ጉቶ ጉቶ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" ተብያለሁ። ቆሞ ለሚያይ እውነት ነው። ማሽኑ ግን ቁጥር አይፈጭም። ከዳር እስከ ዳር 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉቶና 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉቶ ጎን ለጎን አስቡ። ለዓይን ሦስት እጥፍ ነው። ክብ ስለሆነ ግን የሚፈጨው ገጽ 9 እጥፍ ይሆናል። እኩል ጥልቀት ብንወርድ እንኳ ትልቁ ላይ የምንደክመው የ9 ትናንሽ ጉቶ ድካም ነው። ስንቀበል የኖርነው ደግሞ የአንዱን ዋጋ ነው። ትንንሽ ጉቶ የነበራችሁ ደንበኞች ሳታውቁት የትልልቆቹን ዕዳ ስትከፍሉ ኖራችኋል። በአዲሱ አሠራር ሒሳባችሁ ቀንሷል። እናንተ እንኳ አልደወላችሁልኝም። አልተቀየምኩም።

መሬቱ ጋ ለምን እንለካለን? ዛፍ ወደ ሥሩ ሲቀርብ ይሰፋል። አናቱ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነው ታች 60 ሆኖ ይገኛል። በወረቀት ላይ የ20 ልዩነት ናት፤ በሥራው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። እኛ ደግሞ መሬቱ ላይ አናቆምም፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንወርዳለን። አናቱን ላጭተን ብንሄድ ማን ያየናል? ባሕር ዛፍ የቆረጠ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል። ዝናብ ሲመጣ ከጉቶው ዙሪያ ያቆጠቁጣል፣ በአንዱ ፋንታ አምስት ስድስት ሆኖ ይነሳል። የሚያቆጠቁጥበትን የታችኛውን እብጠት ካልፈጨንላችሁ ገንዘባችሁን በላን ማለት ነው።

አሁን ስለ ድንጋዩ። ብዙ ሰው የተናደደው በዚህ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ማሽኑ ከትራክተሩ ኋላ፣ በሦስቱ ማንሻ ክንዶች ላይ ይታሰራል። ኃይሉን የሚያገኘው ከፒቲኦ ዘንግ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ከሚያወጣው የትራክተሩ ዘንግ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 540 ዙር ይዞራል፣ በሰከንድ 9 መሆኑ ነው። ይህ ኃይል ዳር ዳሩን ጥርስ የታሰረበትን ከባድ የብረት ዲስክ ያሽከረክራል። ዲስኩ ጉቶውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረገ፣ በየምልልሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እየወረደ ይልጠዋል። ማቻኮል የለም። ካቻኮሉት ሞተሩ ያቃስታል፣ ዘንጉ ላይ ሆን ተብሎ እንዲበጠስ የተሠራው ብሎን ይበጠሳል፣ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

የጥርሶቹ ጫፍ ተንግስተን ካርባይድ የሚባል ቁስ ነው። ካርባይድ እንጨትን እንደ ቅቤ ይበላል፤ በጣም ጠንካራ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ግን አይታጠፍም፣ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ባለፈው አንድ ማሳ ላይ ሥራው በሰላም እየሄደ ድንገት ድምፁ ተቀየረ። ያ የለመድነው ጉርምርምታ ጠፍቶ "ቀጭ" አለ፣ ብልጭታ ወጣ። አጥፍተን ስናየው ሥሩ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ አቅፎ አድጓል። ሦስት ጥርስ ጫፍ ጫፉ ረግፏል። አንዱን ፈትቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት፤ እንደ ተሰበረ የሰው ጥርስ ነበር። የዚያን ቀን የሠራነው ጥርሶቹን አይተካም። ደንበኛውን ግን አላስከፈልኩም፣ ድንጋዩን እሳቸውም አላዩትም። ሥር ውስጥ የተደበቀውን እኛ እንችለዋለን። በዓይን የሚታየውን ድንጋይ፣ ግንዱ ላይ የተጠመጠመውን የድሮ አጥር ሽቦ ግን እባካችሁ ቀድማችሁ አንሱልን። ለጥርሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ዲስኩ የነካውን ድንጋይ የት እንደሚወረውረው አይታወቅም። ሠራተኞቻችን "ራቁ፣ ልጆቹን አርቁ" ሲሉ የሚቆጣ ሰው ስላለ ነው ይህን የማነሳው።

ናፍጣ ተወደደ፣ መለዋወጫ ተወደደ ስል እንደሚሰለቻችሁ አውቃለሁ። እኔንም ሰልችቶኛል። ግን ተወዷል።

ይህን ሥራ ከወንድሜ ጋር የጀመርነው በዶማና በመጥረቢያ ነው። ዙሪያውን ቆፍረን፣ ሥሩን አንድ በአንድ ቆርጠን፣ አንድ ትልቅ ጉቶ ገልብጠን እስክናወጣ ይመሽ ነበር። ትራክተር ስንገዛ ደግሞ በሰንሰለት እንጎትት ጀመር። አንድ ቀን ሰንሰለቱን ከፍ አድርገን አሰርነው። ጉቶው እምቢ አለ፣ ጎማው መሬቱን ቆነጠጠ፣ የትራክተሩ አፍንጫ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ተነሳ። ወንድሜ ክላቹን ረገጠና አፍንጫው ተመልሶ ወደቀ። ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ወንድሜ ከሥሩ ይቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ "በሰንሰለት ጎትቱልኝ" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። መፍጫውን በብድር የገዛነው በዚያ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ማሳ የሰጡን ሰው ማሽኑ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ሦስቱንም ጊዜ ጠብቀውናል። ስልኩን የዘጉብኝም እሳቸው ናቸው። ሌላ ማሽን ቢያመጡ መብታቸው ነው። ግን ቢመለሱ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዋጋው ጋር አይገናኝም። ከሥራው በኋላ የሚቀረው ክምር የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ለመሸፈኛ ከላይ ብታለብሱት ጥሩ ነው። ከአፈሩ ጋር ደባልቃችሁ ወዲያው ከዘራችሁ ግን ፍርፋሪው ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን፣ ማለትም የቡቃያውን ምግብ፣ ይሻማል፣ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። "ማሽናችሁ መሬቴን ገደለው" ያላችሁኝ ሁለት ሰዎች፣ ነገሩ ይሄ ነው። የጎን ሥሮቹም አልወጡም፤ እዚያው ይበሰብሳሉ፣ ቦታውም ከጊዜ በኋላ ትንሽ ይሰምጣል። አፈር ጨምሩበት።

ለመለካት ስንመጣ ማሳው ላይ ሁኑ። የሜትሩን አንድ ጫፍ እናንተ ያዙ፣ ሌላውን እኛ እንይዛለን። ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በእናንተው እጅ ይጻፍ። ካልተስማማን ለልኬቱ ምንም አንጠይቅም፣ ትራክተሩም ከቤቱ አይወጣም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት