ቅጠሉን አትተዪው

ኬፕ ታውን፣ ሐምሌ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን እህቴ እያነበበች በወላይትኛ ታስረዳሻለች። (እህቴ፣ ባለፈው ስለ ሌቦቹ የጻፍኩትን እንደዘለልሽው አውቃለሁ። ደግ አደረግሽ። የዛሬውን ግን አንድ ቃል አትዝለዪ።)

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን "በላህ ወይ? በረደህ ወይ?" ስትይኝ ካርዱ ያልቃል። ለነገሩ እዚህም ክረምት ነው፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር ነው የሚመጣው። ጃኬት አለኝ፣ አታስቢ።

ነገሬ ስለ ሃይታ ቱኬ፣ ስለ ቡና ቅጠላችን ነው። እህቴ ከጎረቤት ጋር በየቤቱ እየተጠራራችሁ የምትጠጡበትን ተራ ተውሽው አለችኝ። "ልጇ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ዛሬም ቅጠል ታፈላለች ይሉኛል" ብለሽ፣ አሁን ከገበያ የቡናውን ፍሬ እየገዛሽ ነው አሉ። ፍሬው ደግሞ ውድ ነው፤ ለጎረቤት ሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ ሰው መጥራት ቀረ። ካልጠራሽ ደግሞ ሌላው ቤት ሄዶ መጠጣት አሳፈረሽ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻሽን ሁለት ስኒ ጠጥተሽ ትነሻለሽ።

አልፈርድብሽም። እኛ ቤት ፍሬው የገበያ፣ ቅጠሉ የቤት ነበር። አባዬ ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ ለነጋዴ ይሰጣል። በዚያ ብር ግብር ይከፈላል፣ የእኛ ደብተር ይገዛል። ከእንሰቱ መሀል ካሉት የቡና ዛፎች ለራሳችን የሚቀረን ቅጠሉ ነው። ስለዚህ ፍሬ አፍልቶ መጠጣት በዓይናችን የደላው ሰው ነገር ሆነ። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አዲስ አበባ ስሠራ አንዱ "እናንተ አገር ሰው ቅጠል ይጠጣል ይባላል፣ እውነት ነው?" ሲለኝ፣ "ድሮ ነበር አሉ" ብዬ ዋሽቻለሁ። በዚያው ሳምንት ስልክ ደውለሽ ቅጠል እየወቀጥሽ ነበር የምታወሪኝ።

አሁን ምን ሆኜ ይህን እንደምጽፍ ልንገርሽ።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ አሮጊት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አንቲ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፓኬት ሮይቦስ ይገዙኛል። ሮይቦስ የዚህ አገር ሻይ ነው፤ ስሙ በአፍሪካንስ ቀይ ቁጥቋጦ ማለት ነው። የሻይ ቅጠል ግን አይደለም፣ ሌላ ተክል ነው። እንደ ቡናና ሻይ እንቅልፍ አይነሳም። ሰው በወተትና በስኳር ይጠጣዋል፤ ሆዱን ላመመው ሕፃን ሳይቀር አቅጥነው ይሰጡታል። ከሱቄ መደርደሪያ ጠፍቶ አያውቅም። ዳቦ ሲያልቅ ሰው ይታገሠኛል፣ ሮይቦስ ሲያልቅ ግን ይቆጣኛል።

አንቲ የተወለዱት ሴደርበርግ የሚባሉት ተራሮች አካባቢ ነው፣ ክላንዊልያም የምትባል ከተማ አጠገብ። ከዚህ ወደ ሰሜን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሮይቦስ ለገበያ የሚበቅለው እዚያ አካባቢ ብቻ ነው። በበጋ ያጭዱትና ይከታትፉታል፣ ይወቅጡታል፣ ውሃ አርከፍክፈው ይከምሩታል። ክምሩ ውስጥ ሲያልበው አረንጓዴው ቀይ ይሆናል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንቲ ሲያወሩ እጃቸውም አብሮ ይወቅጣል። አንቺን መሰሉኝ።

"በልጅነታችን ይሄ የድሃ ሻይ ነበር" አሉኝ። "ጥቁሩን ሻይ የሚጠጡት ባለ እርሻዎቹ ነበሩ።" ተክሉን ቀድመው ያወቁት ኮይና ሳን የሚባሉት የአገሩ ጥንተኛ ሰዎች ናቸው። በፈረንጆቹ 1904 ቤንጃሚን ጊንስበርግ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሰው ከተራራው ሰዎች እየገዛ መነገድ ጀመረ። ዛሬ በካርቶን ተሽጎ ባሕር ይሻገራል። በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን መዝግቦ፣ ሌላ ቦታ የበቀለ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ከለከለ። ለኮይና ለሳን ሰዎች ድርሻ ይከፈል የተባለው ግን በ2019 ነው። ሮይቦሱ ከእርሻው ላይ ከሚሸጥበት ዋጋ 1.5 በመቶ። አንቲ ይህን ሲነግሩኝ አንድ ጣታቸውን አወጡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን በግማሽ አጠፉት።

የእኛም ቅጠል ሰው አይቶታል፣ እማዬ። እዚያው በ2020 የአውሮፓ ኅብረት ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ አገሩ ውስጥ እንዲሸጥ ፈቅዷል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከስልኩ አነበበልኝ። ለእንዲህ ያለ ፈቃድ፣ ከአውሮፓ ውጭ ያለ ሕዝብ ቢያንስ 25 ዓመት ጠጥቶት ጉዳት እንዳላመጣ መታየት አለበት አሉ። ሃያ አምስት ዓመት! አያቴን ቢጠይቋት ኖሮ።

ደግሞ ቅጠል የምንጠጣው እኛ ብቻ አይደለንም። እዚህ አንድ የሐረር ልጅ አለ፣ እነሱ ቁጢ ይሉታል፤ ቅጠሉን አድርቀው፣ ቆልተው ያፈሉታል። ሌላው የሚዛን ልጅ ነው፣ እነሱ ጨሞ ነው የሚሉት፤ ቅመሙ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። እሑድ እሑድ ስንገናኝ የማን ይበልጣል ብለን እንከራከራለን። ቅጠሉ በሌለበት ክርክሩ ብቻ። የሐረሩ ልጅ ወተት ጨምረን ነው የምንጠጣው ሲል እኔና የሚዛኑ ልጅ እንተባበርበታለን። አንድ እሑድ ታዲያ ሮይቦሱን እንደ አንቺ ሠራሁት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ጨው ወቅጬ አንተከተክሁት። ጤና አዳም ጠፋ እንጂ መልኩ ምንም አይልም ነበር። ለአንቲ በኩባያ ወሰድኩላቸው። አንዴ ፉት አሉና ሳሉ፣ ሳሉ፣ እንባቸው መጣ። "ልጄ፣ ይሄ ሾርባ ነው" አሉኝ። ግን ጨረሱት።

ቀልዱ ይቅርና፣ ያላልኩሽን ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ወር ታምሜ ነበር። አሁን ድኛለሁ፣ እህቴ ድምፅሽን አታለዋውጪ። ሦስት ቀን ሱቁን ሳልከፍት ከኋላው ክፍል ተኛሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ዕቃ ሊያመጣ ጆሃንስበርግ ሄዶ ነበር። ሰው የብረት ፍርግርጉን ያንኳኳል፣ "ዳቦ!" ይላል፣ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አንቲ በኋላ በር መጡ። በፔርሙስ ሮይቦስ ይዘዋል። "የሮይቦስ ቀኔ አልፎ ሱቅህ ዝግ ነው፤ ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ወባ የያዘሽ ጊዜ። አባዬ ሶዶ ሄዶ ነበር፣ እኛ ትምህርት ቤት። ተራው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ነበር። ጀበናው ወርዶ፣ ጎደሬው ቀርቦ፣ አንቺ የለሽም። አንድ ዙር ሳይቀዳ ሁለት ሴቶች ተነሥተው መጡ። አልጋ ላይ ስትቃዢ አገኙሽ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጤና ጣቢያ ወስደውሽ ነበር። ማንም ስልክ አልደወለም፣ ማንም አልተላከም። ቦታሽ ባዶ ስለሆነ ብቻ።

ተራው ላይ የሚወራው ሁሉ ቁም ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ሐሜቱንም አውቃለሁ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጬ ስንቱን ሰምቻለሁ። ግን አባዬና ጎረቤታችን በአጥር የተጣሉ ጊዜ የታረቁት እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ወሰኑን ለማየት ሳይወጡ፣ አንዱ ለሌላው ኩባያ አቀበለና ነገሩ አለቀ። አባዬ ሲሞትም ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤታችን ሰው ያልራቀው ተራውን ወደ እኛ እያዞሩት ነበር። አንድ ወር ሙሉ ቅጠሉን ከየጓሯቸው ይዘው ይመጡ እንደነበር ረሳሽው?

እኔ ብር መላክ እችላለሁ። ጠዋት ሳትመጪ ሲቀር ተነሥቶ የሚያይሽ ሰው ግን ከዚህ ሆኜ አልልክም። እህቴም በመስከረም ለትምህርት ወደ ሶዶ ትገባለች። ያኔ ቤቱ ውስጥ ማን አለ?

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። ከዚህ ወር ብር ላይ ፍሬውን አትግዢበት። ትልቅ ድስት ግዢ፤ አሮጌው ከሥሩ እንደሚያንጠባጥብ ሰምቻለሁ። ሐሙስ ተራው የእኛ ይሁን። የወፍጮ ቤቷን፣ የአጥሩን ጎረቤት፣ ከወንዝ ማዶ ያለችውን አክስቴን ጥሪ። ሰው ምን ይለኛል ካልሽ፣ "ልጄ ነው ያዘዘኝ፣ ደቡብ አፍሪካም ቅጠል ነው የሚጠጣው" በያቸው። ውሸት አይደለም። ለጊፋታ ፍሬ ካማረሽ ግዢ፤ በዓል ነው፣ ማንም አይከለክልሽም።

ቅጠል በሰው አትላኪልኝ። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ተክል ነገር ካዩ ይጥሉታል። አንድ ልጅ ያመጣው በሶብላ እንኳ አላለፈም።

እህቴ፣ ሐሙስ ጠዋት እደውላለሁ። ስታነሺ ለእማዬ አትስጫት፤ ሥራ አታስፈቻት። ስልኩን ከሙቀጫው አጠገብ አስቀምጪውና ሂጂ ቅጠሉን ልቀሚ።

ልጅሽ