ፊደልን በካርቶን መገንባት፦ የሥነ ጥበብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ በክበባችን ብዙ ሥዕል አልሣልንም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርዕይ ላይ የመጡ ወላጆች «ሥዕሎቹ የታሉ?» ብለው ጠይቀውኛልና። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ፊደል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ 23 ልጆች፣ አንድ ክምር አሮጌ ካርቶንና ብዙ ኮላ ይዘን።

ነገሩን የጀመረልን አንድ የድሮ መጽሔት ነው። ዌንዲንገን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በኔዘርላንድስ ይታተም የነበረ የሥነ ሕንፃና የሥነ ጥበብ መጽሔት ሲሆን በጠቅላላው 116 እትሞች ወጥተውለታል። ያሳትመው የነበረው በአምስተርዳም የሚገኝ የአርክቴክቶች ማኅበር ነው። ዋና አዘጋጁ ዋይደቬልድም ራሱ አርክቴክት ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ግን የዓመቱን ሥራችንን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

ሽፋኖቹን መጀመሪያ ለልጆቹ በስልኬ ነው ያሳየኋቸው። «ያምራል ቲቸር» ብለው አለፉት። እኔም ገባኝ፤ በስልክ ሁሉም ነገር አንድ መጠን ነው። መጽሔቱ ግን ጎኑ 33 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ካሬ ነበር። በልኩ ላሳትመው ፎቶ ኮፒ ቤት ብወስደው ኤ-3 ወረቀት እንኳ አልበቃውም፤ የኤ-3 አጭሩ ጎን 29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ወረቀት ቀጣጥለን አንድ ሽፋን አወጣንና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ያኔ ልጆቹ ቀርበው ዙሪያውን ቆሙ። አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ብላ በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች «ይሄ እኮ የተጻፈ አይደለም፣ የተገጣጠመ ነው» አለች።

ልክ ናት። ዋይደቬልድ ብዙዎቹን ርዕሶች የሠራቸው ማተሚያ ቤቶች መስመር ለማስመር በሚጠቀሙባቸው ቀጫጭን የናስ ዘንጎች ነው። በእኛም አገር የዱሮ ፊደል ለቃሚዎች የሚያውቋቸው ዓይነት ዘንጎች ናቸው። ዘንግ ደግሞ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ክቡ ኦ ካሬ ሆነ፣ ቅስቱ ማዕዘን ሆነ፣ ወፍራም እግር ሲፈለግ አምስት ስድስት ዘንግ ጎን ለጎን ተደረደረ። ፊደሉ የጡብ ግድግዳ መሰለ። በጊዜው «ለማንበብ ያስቸግራል» ተብሎ ተወቅሷል፤ እውነትም አንዳንዱ ያስቸግራል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ሰውዬው ገጹን እንደ ሕንፃ ፊት አይቶ ነው የሠራው።

ታዲያ እኛስ በአማርኛ ፊደል ብንሞክረውስ?

ናስ የለንም። ካርቶን ግን ሞልቷል። በምላጭ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጭረቶች ቆረጥንና ሕጉን አወጣን፦ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ፣ መቀስ ለቅስት አይፈቀድም። «በ» በሁለት ደቂቃ አለቀ፤ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት እግር። ዐ ባዶ ካሬ ሆነ። ፀ መሐሉ መስመር ያለበት መስኮት ሆነ። ከዚያ ሰ መጣና ክበቡን ለሁለት ከፈለው። የላዩን ክብ ቀጥ ስናደርገው በ ሆነብን! ግማሹ ልጅ «ከዓረፍተ ነገሩ ይታወቃል» አለ፤ ግማሹ «ሰውን ማደናገር ነው» አለ። ሦስት ሐሙስ ተከራከሩበት። በመጨረሻ የተስማሙት ጣሪያውን በሁለት ዘመም ያሉ ጭረቶች እንደ ድንኳን አሹሎ በመተው ነው። ሕጉ አልፈረሰም፤ «ሰ»ም «ሰ» ሆነ።

እግረ መንገዳችንን ዴ ስታይልንም አየን። ይህ ደግሞ ሠዓሊው ቫን ዱስቡርግ እ.ኤ.አ. በ1917 እዚያው ኔዘርላንድስ ውስጥ የጀመረው መጽሔት ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ርዕስ የሠዓሊው የሁዛር ሥራ ሲሆን ፊደሎቹ ከተቆራረጡ አራት ማዕዘኖች የተሠሩ ናቸው። ቫን ዱስቡርግ በ1919 ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል አምስት በአምስት ተደርጎ በተከፈለ ካሬ ላይ የሚያሳርፍ ሙሉ ሆሄ ሠራ። ስኩዌር ደብተር አውጥተን እኛም ሞከርነው። ሐ በደስታ ገባች፦ እግር፣ ክፍት፣ እግር፣ ክፍት፣ እግር፤ ልክ አምስት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ወዲያው ሑ መጣች። ክንዷ በቀኝ በኩል ስለሚወጣ ስድስተኛ ዓምድ ትፈልጋለች። የላቲኑ ሰንጠረዥ ለእኛ ፊደል አልበቃም ማለት ነው፤ አንዱ ልጅ ሰባት ዓምድ አድርጎ አሰፋው፣ ለካዕቡ ክንድ፣ ለሣልሱ መርገጫና ለኃምሱ ቀለበት ቦታ እንዲኖር። ስለ ፊደል ገበታችን በዚያች አንድ ሰዓት የተማርኩትን ያህል አስተማሪ ሆኜም አልተማርኩም።

ወደ ዌንዲንገን ልመለስ። እያንዳንዱ እትም ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነበር። ስለ ቴአትር አለ፣ ስለ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ፣ ስለ ክሪስታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ ሰባት ተከታታይ እትሞችን ለአሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ሰጥቷል። ሽፋኑን በየጊዜው የተለያየ ሰው ይሠራዋል፤ ሩሲያዊው ኤል ሊሲትስኪ ሠርቷል፣ ዴ መስኪታም ሠርቷል። የዴ መስኪታን ነገር ለልጆቹ ሳልነግራቸው ማለፍ አልቻልኩም። በሃርለም የሥነ ጥበብ መምህር ነበር። እነዚያን ማለቂያ የሌላቸው ደረጃዎች የሣለው ኤሸር የእሱ ተማሪ ነው። አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1944 ከነቤተሰቡ ይዘው ወሰዱት፤ አውሽቪትዝ በተባለው የናዚ ካምፕ ተገደለ። ቤቱ ከተዘረፈ በኋላ ሄዶ ሥራዎቹን ሰብስቦ ያተረፈለት ያ ተማሪው ኤሸር ነው። ይህን የነገርኳቸው ቀን ካርቶን የቆረጠ ልጅ አልነበረም። ዝም ብለን ሽፋኖቹን ስናይ መሸ።

ከጥር ጀምሮ የራሳችንን እትም ወደ ማዘጋጀት ገባን። አንድ ነገር ብቻ ይሁን ተባለና ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ተመረጠ። ቅጠሉ፣ ልጡ፣ ፍሬው፣ በየቤቱ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ተጻፈ፣ ተሣለ። የሽፋኑን ርዕስ በካርቶን ጭረት ሠርተን ጣውላ ላይ በኮላ ለጠፍን፤ ቀለም ቀብተን ወረቀት ጭነን በማንኪያ ጀርባ እናሻለን። ኅትመት ስለሆነ ሁሉም ፊደል እንደ መስታወት ምስል ግራና ቀኙ ተገልብጦ መለጠፍ አለበት። እዚህ ላይ የሆነውን ስሙኝ። የባ ቀኝ እግር ረጅም ነው፤ የቦ ደግሞ ግራው። ስለዚህ ተገልብጦ የተለጠፈ ባ ቁርጥ ቦ ይመስላል። አንድ ጠንቃቃ የ10ኛ ክፍል ልጅ ጣውላውን ሊያይ መጥቶ «ውይ፣ ቦ ለጥፈዋል!» ብሎ እግሮቹን በቅን ልብ አስተካከለ። ስናትመው «ቦሕር ዛፍ» ብሎ ወጣ። 12 ወረቀት ካተምን በኋላ ነው ያየነው። ልጁ በጣም አዘነ፤ እኔ ግን ሌሎቹን ሰብስቤ ሁለቱን ፊደላት በመስታወት አሳየኋቸው። ሁለቱ የአንድ ቅርጽ ግራና ቀኝ መሆናቸውን እኔም ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ጥረዛውም ከዚያው መጽሔት የተወሰደ ነው። የዌንዲንገን ወረቀት የሚታተመው በአንድ ፊት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ለሁለት ታጥፎ፣ ማጠፊያው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ክፍቱ ጎን በራፊያ፣ ማለትም ከዘንባባ ቅጠል በሚወጣ ክር፣ ይሰፋል፤ የጃፓን ጥንታዊ መጻሕፍት አሠራር ነው። ለእኛ ተመቸን፣ ፎቶ ኮፒውም በአንድ ፊት ይረክሳል። ራፊያ ስለሌለ መጀመሪያ በአክርማ ሞከርን፤ በእጃችን እየተሰበረ አስቸገረን። የአንዷ ተማሪ አያት ሰፌድ ይሰፋሉ፤ «እማማ ውኃ አርሱት አሉ» ብላ መጣች። አራስነው፣ እሺ አለ። ለወፍራሙ እትም ግን ቃጫ ተጠቀምን፣ ጠንካራ ነው።

40 ቅጂ ወጣ። አምስቱ ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ ለሁሉም የክበቡ ልጅ አንድ አንድ ደርሷል፣ የቀሩት ዐውደ ርዕዩ ላይ አልቀዋል። 12ቱ «ቦሕር ዛፍ»ም አልተጣሉም፤ አንዱ የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ አጠገቡ ትንሽ መስታወት አለ።

ለመጪው ዓመት ልጆቹ ሙሉውን ገበታ፣ ከሀ እስከ ፐ ከነእርባታው፣ በሰባቱ ዓምድ ላይ ሊጨርሱት ይፈልጋሉ። እስካሁን የጨረስነው 61 ፊደል ነው። ቀ ገና እያከራከረን ነው። በመስከረም የምትመዘገቡ ስኩዌር ደብተርና ማስመሪያ ይዛችሁ ኑ፤ ካርቶን አለን።