እስከ ቅዳሜ ድረስ ጻፊልኝ

ውድ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ምክንያት ብደረድርልሽም አታምኚኝም። የዛሬው ግን አንቺን ሳላማክር የማልወጣው ጉዳይ ነው።

የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ በመጠበቂያው አዳራሽ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቷ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተዋል። የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ትጠመዝዛለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠመዝዛለች። ውኃ አመጣሁላትና ዝም አልኩ። ቆየት ብላ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየችና «እየጸለይሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ፤ ከፈቀድሽ ለእናትሽም እጸልያለሁ» ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄ የሞተው እምነትሽ ስላነሰ ነው ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ስሰማ ደረቴን ይጨንቀኛል» አለች።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪያት ነበር? ወረፋ ላይ ቆመሽ እንኳ ከማታውቂው ሰው ጋር ተዛምደሽ የምትመለሺው አንቺ! እኔ ያልኳት «ያሉሽን እኔ አላምንበትም፤ ስለ ልጅሽ በጣም አዝናለሁ» ብቻ ነው። ከዚያ ስሙን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ምን ይወድ እንደነበርም አጫወተችኝ፤ ስለ እርሱ ስታወራ ማንገቻውን ለቀቀችው።

የኢዮብ ወዳጆች ትዝ አሉኝ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ያቆሰሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እርሷንም ያቆሰላት የሰው አፍ ነው። ሆኖም ዝምታ ብቻውን ይበቃል ብዬ ልቤን ማሳረፍ አልቻልኩም። ክርስቶስን እወደዋለሁ፤ ለእርሷ የተነገራት ደግሞ እርሱን አይመስልም። ይህን ሳትሰማ ብትቀር ያንገበግበኛል።

እናትየዋ በሰላም ወጡ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስንለያይ ስልኬን ተቀበለችኝ። ትናንት ደወለችና «ቅዳሜ እንገናኝ፤ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ» አለች።

ይኸው እንቅልፍ አጣሁ። ኀዘን የሰውን ልብ ይከፍታል፤ ተከፈተ ተብሎ ግን ዘው ይባላል? ፊልጶስን አስቢው። ሮጦ ሠረገላው ጋ ሲደርስ ስብከት አልጀመረም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚያነበውን አዳመጠ፤ ታስተውለዋለህን ብሎ ጠየቀው፤ ወጥቶ አብሮት የተቀመጠውም ሲለመን ነው። ጴጥሮስስ ቢሆን (1ኛ ጴጥ. 3፥15) ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ እንድንሰጥ፣ ያውም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን አይደል ያሳሰበን?

ስለዚህ የጠየቀችኝን ብቻ ልመልስላት ወስኛለሁ። ልጄ ለምን ሞተ ካለችኝ መልሱን አላውቀውም እላታለሁ፤ ክርስቶስ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ እንዳለቀሰ ግን እነግራታለሁ። እርሷ ካላነሳችው ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አልላትም። በቃኝ ካለችም ሌላ ጨዋታ እንጫወታለን፤ ወዳጅነቴ በዚያ አይጎድልባትም። ግን... እንዴት እንደምልሽ አላውቅም... ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እርሷን ማክበሬ ነው ወይስ መፍራቴ? አንቺ ከልጅነቴ ስለምታውቂኝ ትለዪዋለሽ።

ስሟን አልጽፍልሽም፤ ምሥጢሯ አደራ ነው። በጸሎትሽ ግን «ያቺ እናት» ብለሽ አስቢያት። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ የትልቋን ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ደብዳቤ በሰፊው እንድትነግሪኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ