ለታናሼ ምክር ፍለጋ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ስለ ዝምታዬ ይቅርታ፤ ሰበቡን ስንገናኝ ትሰማለህ። ደግሞ አንተም አልደወልክም፣ እኩል ነን።

የቸገረኝ ነገር አለ። ታናሼ ሥራ ሊለቅ ነው። ለምን ስለው የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ አሪስቲጶስን ይጠቅስልኛል! መጽሐፉን ያዋስከው አንተ ነህ፤ ዕዳው ያንተ ነው።

ልከራከረው ብዬ እኔም ገባሁበት። ሰውየው የቀሬና ሰው ነው፤ መስቀሉን የተሸከመው የስምዖን አገር፣ የዛሬዋ ሊቢያ። ከሶቅራጥስ ተምሮ ሲያበቃ ለራሱ ትምህርት ገንዘብ ያስከፍል ነበር። ልጄን አስተምርልኝ ያለውን አባት 500 ድራክማ ጠየቀው። አባትየው «በዚህ ባሪያ እገዛበታለሁ» ቢለው፣ «ግዛና ሁለት ይኑሩህ» አለው። ታናሼ ይህን ሲያወራልኝ ሳቄ አመለጠኝ። ልገሥጽ ሄጄ!

የቀሬናዎቹ፣ ማለት የእሱ ተከታዮች፣ ነገር ግልጽ ነው፤ ያለፈው አልፏል፣ የሚመጣው አልመጣም፣ በእጅህ ያለው የአሁኑ ደስታ ነው። የሥጋ ደስታም ከሐሳብ ደስታ ይበልጣል ይላሉ። ልጁ እዚህ ድረስ ሸምድዷል። ሄጌስያስን ግን ይዘለዋል። እሱም የዚያው ቤት ሰው ነው፤ ደስታን ፈልጎ ፈልጎ «ለሰው ልጅ አይገኝም» ብሎ አረፈው። ትምህርቱን የሰሙ ራሳቸውን እያጠፉ፣ የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ እንዳያስተምር ከለከለው ይባላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ደስታው እምቢ ያለው ቀን ይሄ ልጅ ምን ሊል ነው?

ግን… እንዴት ልበልህ… ጠዋት ቢሮ ስገባ አሪስቲጶስ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ለታናሼ ትንፍሽ እንዳትል። እኔ ያልደፈርኩትን ሊያደርግ ስለሆነ ቀንቼ ይሆን? እንጃ።

አኒቄሪስ የሚባለው የዚያው ቤት የኋላ ሰው ደግሞ ወዳጅን ለጥቅም ብቻ አትያዘው፣ ስለ እሱ መከራም ይቻላል ይላል። ለጥቅሜ ስጽፍልህ ይቺን ማንሳቴ ትንሽ አሳፍሮኛል። አሪስቲጶስም ከሌላው የሶቅራጥስ ተማሪ ከኤስኪነስ ጋር ተኳርፎ ቀድሞ ሄዶ ታረቀው፤ «ታላቅህ ሆኜ ሳለ እኔ እንደመጣሁ አትርሳ» ብሎታል አሉ። እኔም እበልጥሃለሁ፣ ልብ በል።

ሰኞ መልቀቂያውን ያስገባል። እሑድ ምሳ እኛ ጋ ይበላል፤ ናና አናግረው። የእኔን ምክር ከሰማ ቆይቷል፣ ያንተን ግን ያከብራል። ተው ትለው እንደሆነ ወይም በርታ፣ እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ። ብቻ ሳትደውል እንዳትመጣ፤ ቤት ቀይረናል።