ጋሽ ጌታቸውን ማንም አልቀበራቸውም፤ ጩኸቱ ግን በዝቷል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ ጌታቸው መኩሪያና ስለ ሆላንዱ ባንድ ስለ ዘ ኤክስ የወጣውን አጭር ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው አብረው የሠሩትን «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን አልበም በአንድ አንቀጽ ገረፍ አድርጎት አለፈ። ነገሩ ባጭሩ፣ ፈረንጆቹ የሳክስፎኑን ንጉሥ በጊታር ጫጫታ ቀበሯቸው ነው። እኔ ደግሞ ይሄን አልበም ስወደውም ስናደድበትም የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ጫጫታ አለው፣ አልክድም። ቀበሯቸው ማለት ግን በዛ።

መጀመሪያ ማን ማንን እንደጠራ ይታወቅ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዘ ኤክስ በ1979 ሆላንድ ውስጥ የተመሠረተ፣ ከፓንክ የተነሳ ባንድ ነው። ማኔጀር የላቸውም። ሙዚቃቸውን የሚያሳትሙት በራሳቸው ሌብል፣ ማለትም በራሳቸው አሳታሚ ነው። ዛሬ ልጆቹ «ኢንዲ» የሚሉትን አኗኗር እነዚህ ሰዎች ቃሉ ሳይለመድ ጀምሮ ኖረውበታል። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዟቸው። እሳቸውም ሄዱ፣ አጨዋወታቸውን ሰሙ፣ ደስ አላቸው፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ሲዲያቸውን እንዲያጅቧቸው ራሳቸው ጠየቁ። አልበሙም በ2006 ወጣ። ጸሐፊያችሁ ይቺን ነገር ዘለላት፣ እኔ ግን ጉዳዩ ሁሉ እሷ ላይ ያለ ይመስለኛል። ምክንያቱም ሰውየው በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው፣ በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ገብተው፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻግረው፣ ከነሂሩት በቀለና ከነዓለማየሁ እሸቴ ኋላ ሲነፉ የኖሩ ናቸው። ባንድ መምረጥ አያውቁም ልንል ነው? ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ጸጥ ያለ አጃቢ ቢፈልጉ ኖሮ አዲስ አበባ ሞልቶላቸዋል። እሳቸው የሚጮኸውን መረጡ።

ለምን እንደመረጡት ደግሞ ሽለላን የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። የይፋቱ ልጅ በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ነው ወደ ሳክስፎን የመጡት፤ ትልቁ ሥራቸውም ሽለላን ከሸላዩ አፍ ወስደው ወደ ሳክስፎን ማምጣታቸው ነው። ውጭ ያሉ ሰዎች ሲሰሟቸው የአሜሪካን ፍሪ ጃዝ (ከደንብ ወጥቶ እንደልብ የሚነፋውን ጃዝ) ያስታውሳቸዋል። እሳቸው ግን ያንን የሚያጓራ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሐረጉ መሀል ላይ ድንገት የሚሰበር አነፋፍ ያመጡት ከዚሁ ከሀገራቸው ፎካሪ ነው። ፎካሪ ደግሞ ባዶ ቤት አይፎክርም። በለው የሚለው፣ የሚያጨበጭብለት፣ ደሙን የሚያሞቅለት ሕዝብ ይፈልጋል። ዘ ኤክስ በደህናው ሰዓታቸው ይሄንን ሕዝብ ሆነውላቸዋል።

ጥሩውን ልንገራችሁ። ሁለቱ ጊታረኞች፣ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር፣ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ደርድረው የሚቀመጡ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ክሩን ይፍቃል፣ ይቧጭራል፣ ሌላው ሦስት አራት ኖታ ይዞ እሷኑ ይደጋግማል። በጣም ተራ ነገር ይመስላል። ግን አስቡት፣ የውጭ ሙዚቀኛ የትዝታ ወይም የአንቺሆዬ ቅኝት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ከሥሩ ኮርድ ማንጠፍ ነው፤ ዜማውም ወዲያው ይለሰልሳል፣ የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ይሆናል። እነዚህ ያንን አላደረጉም። የእኛን ቅኝት ለማስዋብ አልሞከሩም፤ ዙሪያውን ጥርስ አበቀሉለት እንጂ። ስለዚህ ሳክስፎኑ የሚጋጨው ኮርድ የለም፣ ኖታውን እንደፈለገ ያጣምመዋል።

ድራሟን የምትመታው ካትሪና ቦርነፌልድ ናት፤ በእኔ ጆሮ አልበሙን ተሸክማ የወጣችው እሷ ነች። አመታቷ የሮክ ድራመር አይመስልም። ሲምባሉን፣ ማለት የነሐስ ሳህኑን፣ ትታ ቶም የሚባሉትን ከበሮዎችና ደወሉን ትይዛለች፣ ከበሮ ከበሮ ይሸታል። «ቼ በለው» የሚለውን ሽለላ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ጋሽ ጌታቸው አንድ ረጅም ትንፋሽ ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ድምፁ ጫፉ ላይ ይርገፈገፋል፣ ከሥር ድራሙና የኮሊን ማክሊን ቤዝ ፈቅ ሳይሉ ይጠብቋቸዋል። ሲመለሱ ጊታሮቹ ይቀበሏቸዋል። እዚህ ጋ ማን ማንን እንዳጀበ ግልጽ ነው። ሰው ሰርግ ላይ ፉከራ ሲጀመር ፀጉሩ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አንድ የአምስተርዳም ፓንክ ባንድ ገብቶታል ብዬ እንድምል የሚያደርገኝ ይሄ ነው።

የትንፋሽ መሣሪያዎቹንም መርሳት አይገባም። ዮስት ባውስ በትሮምቦን፣ ዛቪዬ ሻርል በክላርኔት፣ ካናዳዊው ብሮዲ ዌስት በአልቶ ሳክስፎን ገብተዋል። አንድ ላይ ሲነፉ ያ የድሮው የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፅ ብልጭ ይላል፣ ትንሽ የሰከረ ቢሆንም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የአልበሙ ትልቁ ችግር አየር የለውም። ጋሽ ጌታቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ሙዚቃ አሳታሚ ያስቀረጹትን፣ በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተባለው የድሮ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ቁጥር 14 መልሶ ያወጣውን ሥራ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚያ አጃቢው ጥቂት ነው፣ ቀለል ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል። ሳክስፎኑ ዝቅ ብሎ ሲያንሾካሹክ እንኳ ትንፋሹ ይሰማል። ሽለላ እኮ ጩኸት ብቻ አይደለም። ፎካሪው ዝም የሚልበት፣ ዙሪያውን የሚያይበት፣ ሕዝቡ ትንፋሹን የሚይዝበት ሰዓት አለ። ዘ ኤክስ ያንን ዝምታ አያምኑትም። ክፍት ቦታ ባገኙ ቁጥር ወይ ጊታር ይፋቃል ወይ ትሮምቦን ይገባል። ወደ አልበሙ መጨረሻ ስደርስ ጆሮዬ ይደክማል፤ ደግሞ የሚያሳዝነው «ትዝ አለኝ የጥንቱ»ን የመሰለ ለብቻው ሊሰማ የሚገባ ነገር የሚመጣው ሰው ከደከመ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የዘፋኙ ነገር ነው። ጂ. ደብሊው. ሶክ በራሱ ባንድ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ግጥሙን እየተናገረ እየጮኸ ማለፍ ያውቅበታል። እዚህ ግን በእንግሊዝኛ ጣልቃ በገባባቸው ቦታዎች ሁለት ሸላይ አንድ መድረክ ላይ ቆመው ማለት ነው። ሳክስፎኑ እኮ ቃል ሲናገር ነው የቆየው! አማርኛ የሚሰማ ሰው ዜማውን ሲሰማ ግጥሙን ራሱ ይሞላዋል፤ በዚያ ላይ የውጭ ቃል ሲጫንበት እንደ ማስታወቂያ ያቋርጠዋል። ለፈረንጅ አድማጭ ምናልባት መግቢያ በር ይሆነዋል፣ አላውቅለትም። ለእኔ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ነው።

ሦስተኛው፣ ምቱ። ቺክቺካችን ስድስት በስምንት ነው፣ ትከሻ የሚያንቀሳቅሰው ያ ያዝ ለቀቅ ያለ ነገር ነው። ካትሪና ብዙ ቦታ ላይ ይዛዋለች ብያለሁ። ግን ባንዱ ሲሞቀው ወደ ለመደው ወደ ቀጥተኛው የፓንክ ርግጫ ይመለሳል፣ ያኔ እስክስታው ይጠፋና ዝላይ ብቻ ይቀራል። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይም የምጠይቀው አለኝ። ይሄ የግርማ በየነ ሥራ ዋልያስ ባንድ በ1977 ያስቀረጸው ነው፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ አንዷን ሐረግ እያዞረ የሚጨርሰው። የእሱ ውበት ቁጥብነቱ ነው። እዚህ ተጨናንቋል። ለምን እንዳስገቡት ይገባኛል፣ ዓለም ላይ የታወቀ ዜማ ነው፤ ግን ከድሮው ላይ የጨመረው ነገር አልታየኝም። በሱ ቦታ አንድ ሽለላ ቢጨመር እመርጥ ነበር።

በነገራችን ላይ ጽሑፋችሁ አጠገብ ያወጣችሁት ያ የአንበሳ ጎፈር የደፉበት ፎቶ ደስ ይላል። ከሥሩ ግን ለፈረንጅ ተመልካች ተብሎ የተለበሰ ይመስል ተጽፏል። ጋሽ ጌታቸው የሸላይ ልብስ ለብሰው መድረክ መውጣት የጀመሩት ዘ ኤክስን ሳያውቁ በፊት፣ ሀገራቸው ላይ ነው። ብታስተካክሉት ጥሩ ነው።

ደግሞ ባንዱ የእኛን ሙዚቃ ያገኘው ትናንት አልነበረም። ጋሽ ጌታቸውን ከማግኘታቸው በፊት ኢትዮጵያ መጥተው ተጫውተዋል። በ2004 ባወጡት አልበም ውስጥ የኤርትራዊቷን የፀሐይቱ በራኺን ዘፈን ተጫውተዋል፤ የእሷን የራሷን ሥራም ቴርፕ በተባለው ሌብል አሳትመዋል። «ሞዐ አንበሳ»ም የወጣው በዚሁ ሌብል ነው። ስለዚህ መጥቶ ቀምቶ የሚሄድ ዓይነት ፈረንጅ አድርጎ መሳሉ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ወቀሳ ካለ ሙዚቃው ላይ ይሁን፣ እዚያ ላይ የሚወቀስበት እንደሆነ አይቸግርም።

በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የሚል ሁለተኛ አልበም አብረው ሠርተዋል። ጽሑፋችሁ ስሙን እንኳ አላነሳም። ሶክ በዚያን ጊዜ ባንዱን ለቆ አርኖልድ ደ ቡር ተተክቶ ነበር፣ አጃቢውም ከጋሽ ጌታቸው ጋር ዓመታት መድረክ ላይ ስለቆየ የት ዝም ማለት እንዳለበት ለምዷል። የመጀመሪያው ላይ ያለው ንዴት ግን የለውም። እኔ አሁንም ብዙ ጊዜ የማነሳው የመጀመሪያውን ነው፣ ጩኸቱን እየረገምኩ።

ጋሽ ጌታቸው በሚያዝያ 2016 አርፈዋል፤ ጥያቄ ልንጠይቃቸው አንችልም። ጥበብ ገጻችሁ ግን ሁለቱን አልበሞች አስቀምጦ፣ ዘፈን በዘፈን የሚሄድ ደህና ሒስ ቢያወጣ ጥሩ ነበር። የሚጽፈው ሰው የፊሊፕሱን ቅጂ አስቀድሞ ይስማ፣ ከዚያ «ቼ በለው»ን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይክፈት። አሁንም ተቀብረዋል ካለ ይጻፍ፣ እኔም እመልሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ