ስምንት ምሽት ከእርስዎ ጋር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» የተባለውን ፊልም እንደገና አየሁት። ልጅ ሳለሁ «አሥራ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲጨቃጨቅ ምኑ ይታያል?» ብዬ ስነጫነጭ፣ እርስዎ «ግድግዳውን እዪው» ይሉኝ ነበር። ግድግዳ ምን ይታያል ብዬ አኮርፋለሁ። አሁን ገባኝ። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ካሜራውን መጀመሪያ ከሰዎቹ ዓይን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ መሀል ላይ በዓይናቸው ልክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከዓይናቸው ዝቅ አድርጎ። ሌንሱንም ከኋላ ያለውን አቅርቦ ወደሚያሳየው ረጅም ሌንስ እየቀየረ ይሄዳል። ክርክሩ በከረረ ቁጥር ግድግዳው የሚጠጋን፣ ጣሪያውም የሚጫነን ለካ ለዚህ ነው! እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ፣ 96 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። እኔ አንብቤ የደረስኩበትን እርስዎ ማንም ሳይነግርዎ በዓይንዎ አይተውታል።

«የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ግን ብቻዬን አላየውም። ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ አባትየውን እንዲጫወት የመረጠው ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። መጨረሻ ላይ ልጁ ያፈረ አባቱን እጅ ሲይዝ፣ እርስዎም ምንም ሳይሉ እጄን ይይዙ ነበር። ይህን ረስቼው አላውቅም።

አሁን ዓይንዎ ቶሎ እንደሚደክም ነግረውኛል። ስለዚህ ረጅም ፊልም ትተን ተከታታይ ድራማ እንይ፤ በየምሽቱ አንድ ክፍል። «ሩትስ»ን አስቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 1977 አሜሪካ ውስጥ ሲታይ በሳምንት አንድ ቀን እየተባለ አልተጎተተም፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ስምንት ምሽት በተከታታይ ነው የቀረበው። ከአፍሪካ ተወስዶ አሜሪካ ውስጥ ባሪያ የተደረገውን ወጣቱን ኩንታ ኪንቴን የተጫወተው ሌቫር በርተን ያኔ ገና የ19 ዓመት ተማሪ ነበር። ስሙን ክዶ «ቶቢ ነኝ» እንዲል የሚገርፉትን ትዕይንት ብዙ ሰው አውርቶልኛል፤ እኔ ግን ያለ እርስዎ ልጀምረው አልፈለግሁም።

እኛም እሑድ እንጀምር። እርስዎ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን በተመሳሳይ ሰዓት እንከፍተዋለን፤ ክፍሉ ሲያልቅ እደውላለሁ። ያኔ እንዳደረጉት «ይህን አይተሻል?» ይበሉኝ፤ ያመለጠኝ ካለ እመለስበታለሁ።

ደውዬ «ጀምሩ» ሳልልዎ ግን እንዳይከፍቱት አደራ።

ልጅዎ